ምዕራፍ ስድስት፦ ምን ይጎርሳል?

ሸማ ተራ የገባ ገዢ ቸኩሎ አይገዛም። ጋቢውን ይዘረጋል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ድሩና ማጉ እኩል መጠቅጠቁን ያያል፣ ጥለቱን በጥፍሩ ይጭራል፣ ጫፉን ሳብ ያደርጋል። «ንጹሕ ጥጥ ነው» የተባለውን ከተጠራጠረ አንዲት ክር መዞ እሳት ያስነካታል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ክር ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሸማኔውን ስም አይጠይቅም። መጠየቅም አያስፈልገውም፤ ሸማ ጉድለቱን ከዓይንና ከእጅ ሊደብቅ አይችልም። ቢደብቅ እንኳ የሚጎዳው ኪስ ነው።

የጦር መሣሪያ ገዢ ይህ ዕድል የለውም። በአፈሙዙ ብረት ውስጥ ያለች የፀጉር ያህል ስንጥቅ አትታይም። ሞላው ጠንክሮ መሠራቱን ወይም ለስልሶ መቅረቱን ጣት አይለየውም። እጀታው የተወለወለ፣ ብረቱ የጠቆረ፣ የፋብሪካው ማኅተም ያማረ ሽጉጥ ቃታው ሲሳብ ዝም ሊል ይችላል። ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ከኪስ አልፎ ነፍስ ላይ ነው። ለዚህ ነው መሣሪያ ከሸቀጥ ሁሉ አብልጦ እምነት የሚጠይቀው፣ ስለ ፋብሪካ ስም የሚደረግ ክርክርም በየትኛውም አገር በመሣሪያ ላይ የሚበረታው።

ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፋብሪካውን አይቶ የማያውቅ፣ ማኅተሙን ማንበብ የማይችል ገዢ የትኛው መሣሪያ እንደሚታመን በምን ያውቅ ነበር? የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ጥርት ያለ ነው። አገራችን ለፋብሪካ ስም ታማኝ ሆና አታውቅም፤ ታማኝነቷ ለጥይት ነበር።

የብረት ምስክር

መጀመሪያ ጥራት ፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደሚገኝ እንይ። መሣሪያ በሁለት መንገድ ገዢውን ይከዳል። አንዱ መክሸፍ ነው፦ ሞላው ደክሞ፣ መርፌው አጥሮ፣ ቆሻሻ ገብቶ ወይም ጥይቱ በትክክል ሳይጎርስ ቀርቶ አይተኩስም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ሳይፈለግ ይተኩሳል፣ ወይም የባሩዱን ግፊት መቻል አቅቶት ባለቤቱ እጅ ላይ ይፈነዳል።

የመጀመሪያውን ችግር የሚያስወግደው መለኪያ ነው። በጥንት ጊዜ አንጥረኛ እያንዳንዱን ጠመንጃ ለብቻው እየሞረደ ያገጣጥም ስለነበር የአንዱ መርፌ ለሌላው አይሆንም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ልክ እንዲወጣ፣ ከልኩ የወጣውም ወዲያው እንዲጣል ማድረግ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የአንዱ ጠመንጃ ሞላ ቢሰበር ከሌላው ተነቅሎ ይገጠማል። ጥገና ከጥበብ ወደ ተራ ሥራ ወረደ።

ሁለተኛውን ችግር የሚያስወግደው ፈተና ነው፤ ያውም ሠሪው ራሱን የሚፈትንበት አይደለም። በቤልጅግ ሊዬዥ ከተማ ከ1672 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከ1813 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጠመንጃዎች በሌላ ወገን እጅ የሚፈተኑበት ቤት ቆሟል። ፈታኙ ከልክ በላይ ኃይለኛ ጥይት አጉርሶ ይተኩሳል፤ ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት የፈተናው ግፊት ከተራው ከ25 እስከ 30 በመቶ ይበልጣል። የተረፈው አፈሙዝ ላይ ትንሽ ማኅተም ይመታል፣ ያልተረፈው ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። በአሮጌ መሣሪያ ላይ ከሚታዩት ማኅተሞች ሁሉ ትልቁ ይህ ትንሹ ነው። የፋብሪካው ስም ሠሪው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ የፈተናው ማኅተም ግን ሌላ ሰው ስለ እርሱ የመሰከረው ነው።

የሽጉጥን ዝና ያቆመውም እንዲህ ያለ ምስክር ነው። በመጋቢት 1911 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር ሁለት ሽጉጦችን ጎን ለጎን ፈተነ፤ በጆን ብራውኒንግ የተነደፈውን ኮልትና የሳቬጅን። ከእያንዳንዱ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። ብረቱ ሲግል ውኃ ውስጥ እየተነከረ እንደገና ይተኮሳል። ኮልቱ አንድም ጊዜ ሳይከሽፍ ጨረሰ፣ ተወዳዳሪው ግን ደጋግሞ ከሸፈ። ኮልት ከመቶ ዓመት በላይ የኖረበት ዝና ከማስታወቂያ የመጣ አይደለም፤ ተፎካካሪ ባለበት፣ መዝጋቢ ቆሞ ከቆጠረው ተኩስ ነው የተገኘው።

ጥይት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ጥይት ደኅና መሆኑ ተተኩሶ ካልታየ አይታወቅም፤ ከተተኮሰ ደግሞ የለም። ስለዚህ ፋብሪካው ከብዙ ሺህ ጥቂቱን መርጦ ይተኩሳል፣ ቀሪውን በእነዚያ ጥቂቶች ያምናል። ዝናር ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ጥይት ማንም ሞክሯት አያውቅም። ከመሣሪያው ሁሉ ከፍተኛውን እምነት የምትጠይቀው እርሷ ናት።

ጋፋት፦ ፈታኝ የሌለው ፋብሪካ

ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ከውጭ መለመን ስለሰለቻቸው አገር ውስጥ ማሠራት ፈለጉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን በአብዛኛው የወንጌል መልእክተኞችና የእጅ ሥራ አዋቂዎች ነበሩ፤ መድፍ አቅልጦ ማፍሰስን የተማሩት ንጉሠ ነገሥቱ እያስገደዷቸው፣ በመሞከርና በመሳሳት ነው። ከዚያ ሥራ ትልቁ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። በሰው ጉልበት ተራራና ገደል አቋርጦ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ከእንግሊዝ ጋር አሮጌ በተባለው ቦታ በተደረገው ጦርነት ዕለት፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ከቴዎድሮስ ታላላቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሠሪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ብረትን ከልክ በላይ ጭነው የሚፈትኑበት፣ የጎደለውን ለይተው የሚጥሉበት ሥርዓት አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ፈተና ጦር ሜዳው ራሱ ሆነ።

በተቃራኒው ወገን የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ስናድር ነበር፤ ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ፣ በጦርነት ገና መሞከሩ ነበር። በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጠቀጥቀው የቴዎድሮስ ወታደር አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ ስናድር ደጋግሞ ይተኩሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚያ ሽጉጥ የበለጠ የታወቀ ሽጉጥ የለም። ስናድር ግን ከጦርነቱ በኋላም በሰው አፍ ውስጥ ቀረ፤ ያን ዕለት ያደረገውን ያዩ ዓይኖች ከየትኛውም ማኅተም ይበልጥ አስታወቁት።

ከስምንት ዓመት በኋላ በ1868 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ሠራዊት ድል ሲያደርግ በሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተን ማረከ። ሬሚንግተን ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ኢሊዮን ከተማ የተሠራ የአሜሪካ ጠመንጃ ነው። ሐበሻ ከአሜሪካ ኢንዱስትሪ ጋር በሰፊው የተዋወቀው በአቡጀዲና በዚህ ጠመንጃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ የተማረከ ጠመንጃ የተማረከ ጥይቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚታመነው። ከዚያ በኋላ ወይ ጥይት የሚያመጣ ነጋዴ መገኘት አለበት፣ ወይ ጠመንጃው የአዳራሽ ጌጥ ይሆናል።

ገዢው ሲያውቅ

ይህን ከሁሉ በፊት የተረዱት ምኒልክ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ በዚያን ጊዜ ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው፣ ከታጁራ በረሃውን አቋርጦ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ይዞ ሸዋ ገባ። ጠመንጃዎቹ ዘመናቸው ያለፈባቸው፣ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ነበሩ፤ አውሮፓ ውስጥ በርካሽ የተገዙ ናቸው። ራምቦ ዘመናዊ መሣሪያ ያላየ ንጉሥ አገኛለሁ ብሎ ጠብቆ ከሆነ ተሳስቷል። ምኒልክ ሐረርን ይዘው ገና መመለሳቸው ነበር፤ ሬሚንግተንም ክሩፕ መድፍም እጃቸው ገብቷል። ለራምቦ ዕቃ ዝቅተኛ ዋጋ ቆረጡ፤ በዚያ ላይ የሟቹን ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ቀነሱበት። ገጣሚው ከዚያ ጉዞ ከስሮ መመለሱን በደብዳቤዎቹ ደጋግሞ አማርሯል።

ከዚያ በኋላ በሸዋና በሐረር በኩል በብዛት የገባው የፈረንሳይ ግራ ነበር፤ የእኛ ሰው ውጅግራ የሚለው። ለምን እርሱ? በዓለም ምርጡ ስለነበረ አልነበረም። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለራሷ ጦር ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ የ1874 እ.ኤ.አ. ግራዎቿ ከመጋዘን ወጡ። ዋጋቸው ወረደ። ኦቦክ፣ በኋላም ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ስለነበሩ ጠመንጃውም ጥይቱም በአንድ መንገድ ሳይቋረጥ ይመጣ ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያንን የመሳሰሉ ነጋዴዎች በዚህ ንግድ ታወቁ። ውጅግራን ያስወደደው የፓሪስ መሐንዲስ ብቻ አልነበረም፤ የጅቡቲ መንገድ ነበር።

ጥይት ገንዘብ ሲሆን

ያን ጊዜ መርካቶ ገና አልተቆረቆረም ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ እስኪያዛውረው ድረስ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ዛሬ ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ የተከፋፈለው ንግድ ያኔም በየተራው ይቀመጥ ነበር። ሸማና አቡጀዲ፣ ማርና አሞሌ፣ በቅሎና ጠመንጃ እዚያው አንድ ገበያ ላይ ይሸጣሉ። ሸማ የሚመርጠው ሰው ጠመንጃም ይመርጣል።

በዚያ ገበያ የጠመንጃ ጥይት እንደ ሳንቲም ይሠራ ነበር። ብር የሚከብድበት ትንሽ ግዢ በጥይት ይከፈላል፤ ሻጩ ተቀብሎ ለሌላ ይከፍልበታል። ይህ ሊሆን የቻለው አንድ ዓይነት ጥይት የሚጎርሱ ጠመንጃዎች በየቤቱ ስለነበሩ ነው። ዛሬ የተቀበልኩትን ጥይት ነገ ሌላው እንደሚቀበለኝ አውቃለሁ፤ እርሱም ያውቃል። ማንም የማይጎርሰው ጥይት ግን፣ የፈለገውን ያህል አዲስና ያማረ ቢሆን፣ ጥቂት ናስና ጥቂት ባሩድ ነው። ገበያው የየትኛው ፋብሪካ መሣሪያ የታመነ መሆኑን በየቀኑ ድምፅ ይሰጥ ነበር ማለት ነው፤ ድምፅ የሚሰጥበት ወረቀት ጥይቱ ራሱ ነበር።

ይህን ከብሩ ታሪክ ጋር ብናስተያየው ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። የማሪያ ቴሬዛ ብር ሲቀበል ነጋዴው የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ እንቁዎች ይመረምር ነበር፤ ያልተሟላውን ወይም የደበዘዘውን ይመልሳል። ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ቢያስመቱም ገበያው ከለመዳት ንግሥት በቀላሉ አልተለየም። ይህ ግትርነት ይመስላል። ሆኖም ነጋዴው የሚያየው የማን መልክ እንዳለበት ብቻ አልነበረም፤ ከሐረር እስከ ጎንደር ማን እንደሚቀበለው ነበር። ለብርም ለጥይትም ታማኝነት ማለት ነገ ሌላው ሰው ይቀበለኛል የሚል እርግጠኝነት ነው።

ማይጨው፦ የብዙ ስም ጉዳት

የዚህ ትምህርት ከባዱ ክፍል በ1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን በወረረን ጊዜ መጣ። በዘመናት የተሰበሰበው መሣሪያ በአንድ ሠራዊት ውስጥ ተገናኘ፦ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን፣ ስናድር፣ ቤልጅግ፣ ሌላም። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የተከበረ ስም ነው። አብረው ሲዘምቱ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ይፈልጋል። ስንቅ ጫኟ በቅሎ የያዘችው ጥይት ለጎረቤት ጦር አይሆንም፤ የሞተው ወንድም ዝናር በሕይወት ላለው አያገለግልም። ከጠላት አውሮፕላንና ከመርዝ ጋዙ ጋር ሲደመር ይህ ድክመት ቀላል አልነበረም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መፍትሔውን ቀድመው ጀምረውት ነበር። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ የቤልጅግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ሲያሠለጥኑ ጠመንጃውም ከሄርስታል፣ ኤፍ ኤን ከተባለው ፋብሪካ መጣ። ኤፍ ኤን በ1889 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለቤልጅግ መንግሥት የጀርመኑን ማውዘር ለመሥራት ነው። ለኢትዮጵያ የተሠራው ማውዘር 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ነበር። ሕዝቡ ቤልጅግ ያለው ይህን ነው፤ ከነጻነት በኋላም ስሙ ለብዙ ዓመታት ዋጋ ነበረው። ነገር ግን ቤልጅግ ለክቡር ዘበኛና ለጥቂት ጦር እንጂ ለአገሩ ሁሉ አልደረሰም።

በጦርነቱ ዋዜማ ጀርመን ለኢትዮጵያ በምስጢር መሣሪያ ሰጥታ ነበር፤ ላኪው እንዳይታወቅ የፋብሪካ ምልክቱ ተነሥቶለት። ስም የሌለው መሣሪያ ለወታደሩ ምን ጎደለው? ምንም፤ የሚጎርሰው ጥይት አብሮት እስከመጣ ድረስ። የስምና የጥራት ዝምድና ምን ያህል ልል እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

ስም ሲያረጅ

ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው የ1945 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ ጦሩ የአሜሪካ መሣሪያ ያዘ። በ1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደ ሶቪየት ሲዞር ክላሽ መጣ፤ በመኮንኑ ወገብ ላይ ደግሞ ማካሮቭ ሽጉጥ። አንድ ትውልድ በአንድ ስም ምሎ፣ የሚቀጥለው በሌላ ማለ። ማካሮቭ ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን አስተማማኝ ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ ጥይቱ ግን በዓለም ላይ ከተለመደው 9 ሚሊ ሜትር የተለየ ስለሆነ እርስ በርሳቸው አይተካኩም። መሣሪያው ሳያረጅ ቀለቡ ሊርቀው ይችላል።

ያ የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት በጀርመን የተነደፈው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ፋብሪካ ተነሣ፣ ስንቱ ወደቀ! በ1982 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያ ጦር የመረጠው ግሎክ እንኳ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው የነደፈው ነበር። የቤሬታ ወዳጅና የግሎክ ወዳጅ ሌሊቱን ሲከራከሩ ቢያድሩ ጠዋት ከአንድ ሳጥን ጥይት መካፈል ይችላሉ። የአራዳ ገበያ ያወቀውን ዓለምም አውቆታል።

ስም ብቻውን ማንንም እንዳላዳነ ያለፉት ዓመታት ደጋግመው አሳይተዋል። ጠመንጃው ጉራ ላይ የተማረከው የሬሚንግተን ፋብሪካ በዘመናችን አንድ የአደን ጠመንጃው ቃታው ሳይሳብ ይተኩሳል በሚል ለዓመታት ተከሶ በ2014 እ.ኤ.አ. ለስምምነት ተዳረገ፤ በ2018 እና በ2020 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ አቤት አለ። የብራዚሉ ታውረስ ሲወድቁ ይተኩሳሉ በተባሉ ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጉ ሽጉጦቹ ምክንያት በ2015 እ.ኤ.አ. ተስማማ። የአሜሪካ ጦር በ2017 እ.ኤ.አ. የመረጠው የሲግ ሽጉጥም በዚያው ዓመት፣ ለሲቪል ገበያ የተሸጠው ሲወድቅ እንደሚተኩስ ከታየ በኋላ፣ ፋብሪካው ባለቤቶቹ መልሰው እንዲልኩለትና እንዲያስተካክልላቸው ጠርቷል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ጉድለት መገኘቱ ብቻ አይደለም፤ ያ ጉድለት የተገለጠው ገዢው የሚከስበት ፍርድ ቤት፣ የሚፈትን ሌላ ወገን፣ መሣሪያውን በመለያ ቁጥሩ ተከትሎ የሚጠራበት መዝገብ በመኖሩ ነው።

በሕገወጥ መንገድ የሚገባ ሽጉጥ ይህ ሁሉ የለውም። በቅርብ ዓመታት ፖሊስና ጉምሩክ ደጋግመው ከያዟቸው መካከል የቱርክ ሽጉጦች ይገኙበታል። በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት አንዳንዶቹ ከመነሻው ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲጎርሱ የተቀየሩ ናቸው። አፈሙዛቸው ለዚያ ግፊት አልተሠራም፣ ማንም አልፈተነውም፤ አደጋው ከፊት ለቆመው ብቻ ሳይሆን ለያዘውም ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድንና ምዝገባን ያዘዘው ለሕዝብ ደኅንነት ነው። ይሁን እንጂ ምዝገባ የጥራት መሣሪያም ነው፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲበላሽ የሚጠራው የለም፣ የሚጠየቅም የለም።

ታማኝነት ለማን?

ታማኝ ገዢ ሞኝ አይደለም። አባቱ በያዘው ምንሽር የሚምል ገበሬ፣ ከቤልጅግ ሌላ አልይዝም ያለ ባላባት፣ ሁለቱም ዕውቀት ነበራቸው፤ የሚያውቁት መሣሪያ የት እንደሚጎረብጥ፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ። አዲስ ስም መያዝ ይህን ሁሉ ከዜሮ መጀመር ነው። ታማኝነት ስህተት የሚሆነው ያ ዕውቀት ካረጀ በኋላ ስሙ ብቻ ሲቀር ነው፦ ጥይቱ ከገበያ ጠፍቶ፣ ጠጋኙ ሞቶ፣ ፋብሪካው ተሸጦ፣ ማኅተሙ ግን እንደ ድሮው ሲያብረቀርቅ።

በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም በሥሩ ከተጠቃለሉት ሁለቱ ጋፋትና ሆሚቾ ነበሩ። ጋፋት መሣሪያ ይሠራል፤ ስሙን ከቴዎድሮስ ተረክቧል። ሆሚቾ ጥይት ይሠራል፤ የታሪክ ክብር የለውም፣ ስሙን የሚያውቀውም ጥቂት ነው። የዚህን ምዕራፍ መንገድ ለተከተለ አንባቢ ግን ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ጠመንጃ ይማረካል፣ ይገዛል፣ ይለመናል፣ መቶ ዓመት ይኖራል። ጥይት አንዴ ብቻ ያገለግላል፤ ስለዚህ በየዓመቱ እንደገና መሠራት፣ በየምርት ዙሩ እንደገና መፈተን አለበት። አገር በራሷ የምትተማመነው ይህን ተራና አሰልቺ ሥራ ሳታቋርጥ የምትሠራ ከሆነ ነው፤ ጠመንጃው ላይ የማን ስም ቢጻፍ ግድ የለም።